የመስፈርት ሞዴል ሥራ በአዳማ

የመስፈርት ሞዴል ሥራ አንድን እውነተኛ ነገር፣ ባቡርም ይሁን አውሮፕላን፣ ሕንፃም ይሁን ጋሪ፣ እያንዳንዱን ክፍል በአንድ ቁጥር አካፍሎ በትንሹ የመሥራት የእጅ ሙያና የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በአዳማ ሥራው ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው፤ ሁለተኛው የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ጠረጴዛ ነው። ይህ ዳሰሳ በይበልጥ የሚያተኩረው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ሐዲዱም፣ ጣቢያውም፣ ታሪኩም እዚሁ በእጃችን ያለ ሀብት ነውና።

መስፈርት

በጂኦግራፊ ደብተር ላይ «የካርታ መስፈርት» ተብሎ የተጻፈው እና እዚህ መስፈርት የሚባለው አንድ ነው። ሞዴል ሠሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ «ስኬል» ይሉታል። 1:87 ሲባል በሞዴሉ ላይ ያለ 1 ሚሊ ሜትር በእውነተኛው ላይ 87 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። መጫወቻና ሞዴል የሚለያዩትም በዚሁ ነው። የመጫወቻ መኪና ጎማው ገዝፎ በሩ ቢያንስ ማንም አይጠይቅም። ሞዴል ሠሪ ግን ጎማውን ለ87 ካካፈለ በሩንም፣ የበሩን እጀታም፣ በመስኮቱ የሚታየውን ወንበርም ለ87 ማካፈል አለበት።

በዚህ ትርጓሜ መሠረት ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሩት መኪና ሞዴል አይደለም የሚሉ አሉ። ነጥቡ አከራካሪ ነው። የሽቦ መኪና መስፈርት እንደሌለው እውነት ነው፤ ነገር ግን እስከ ልጁ ደረት ድረስ የሚዘረጋው መሪ ሲዞር የፊት ጎማዎቹ አብረው ይዞራሉ፤ ይህን ያሰበና የሠራ ልጅ ፒንሳ አያያዝንና ሽቦን ሳይሰብሩ ማጠፍን ከማንም በፊት ተምሯል። የሰፈራችን የመጀመሪያው የሞዴል ትምህርት ቤት እርሱ ነው።

የዓለም አቀፉ ታሪክ በአጭሩ

ለአውሮፕላን ሞዴል እስካሁን ድረስ በስፋት የሚሠራበት 1:72 የመጣው ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ በእውነተኛው ላይ ያለ 6 ጫማ በሞዴሉ ላይ 1 ኢንች ይሆናል። «ፍሮግ» የተባለው የእንግሊዝ አምራች እ.ኤ.አ. በ1936 «ፔንጉዊን» በሚል ስም ያወጣቸው የአውሮፕላን ሞዴሎች ከመጀመሪያዎቹ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ሞዴሎች ውስጥ ይቆጠራሉ። «ኤርፊክስ» እ.ኤ.አ. በ1939 ተመሥርቶ በ1949 የፈርጉሰን ትራክተርን ሞዴል ሠራ። ለታንክና ለወታደራዊ መኪና የተለመደው 1:35 ደግሞ ከጃፓኑ «ታሚያ» የወጣ ነው። እንደሚነገረው ከሆነ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ ሲሠራ ሞተሩና ባትሪው በውስጡ እንዲበቃ ስፋቱን ወሰነ፤ በኋላ ሲሰላ 1:35 ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎችም ያንኑ ተከተሉ።

ባቡሩ

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገዱን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሙሉ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አዳማ በዚህ መስመር ላይ ያደገች የጣቢያ ልጅ ናት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ደግሞ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል።

ለሞዴል ሠሪ ከዚህ ሁሉ ዓመተ ምሕረት የሚበልጥ አንድ ቁጥር አለ፤ እርሱም የሐዲዱ ስፋት ነው። በቀድሞው መንገድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። በአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አዳማ ሁለቱንም ያየች ከተማ ስለሆነች፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት ሐዲድ ጎን ለጎን ማንጠፍ እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የከተማዋን ታሪክ በእንጨት ገበታ ላይ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

በ1:87 መስፈርት አዲሱ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ በዓለም ገበያ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው ስፋት ነው። አሮጌው ግን በትክክል ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ተሠርቶ የሚሸጠው ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 12 በ87 ሲባዛ 1,044 ስለሚሆን፣ በእውነተኛው ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ትርፍ አለ ማለት ነው። ልዩነቱን መቀበል ነውር ነው የሚሉ ጥብቅ ሠሪዎች ብረቱን በእጃቸው ያነጥፋሉ። ሌሎቹ ግማሽ ሚሊ ሜትርን ማንም ዓይን አይለየውም ይላሉ፤ ሁለቱም እንደየአቅማቸው ትክክል ናቸው።

ዓይን በቀላሉ የሚለየው ሌላ ስሕተት ግን አለ። ከውጭ የሚመጣው የሞዴል ሐዲድ ከሥሩ የሚነጠፉት አግዳሚዎች የእንጨት መልክ ያላቸው፣ ቡናማና ዘርዛራ ናቸው። የእኛ የቀድሞው ባቡር አግዳሚዎች ግን የብረት ነበሩ፤ ጫፎቻቸው ወደ ታች የታጠፉ፣ ዝገታቸው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። የአዲሱ ደግሞ ግራጫ ኮንክሪት ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው የአውሮፓን ሐዲድ አንጥፎ «አዳማ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፍበታል። የሚያውቅ ሰው አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ከፕላስቲክ ይቆርጣል፤ ርዝመታቸው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለአንድ ሜትር ሐዲድ ብቻ ከመቶ በላይ ያስፈልጋሉ። ለዚህ ሥራ ከሲም ካርድ ላይ ተገንጥሎ የሚጣለው ፍሬም ተስማሚ ነው። ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በምላጭ ሁለት ጊዜ ተሠምሮ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሰበራል።

በአግዳሚዎቹ መካከል የሚፈሰው ጠጠርም የራሱ ትምህርት አለው። ጤፍ በመልኩም በመጠኑም ያታልላል፤ አንድ ፍሬ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ግን በ1:87 ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ድንጋይ ይሆናል። የባቡር መንገድ ጠጠር ከዚያ ያነሰ ነው። በተጨማሪም ጉንዳን አለ። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሙሉ የደከምኩበትን የሐዲድ ቁራጭ ጉንዳን በሁለት ሌሊት አራግፎ ወስዶብኛል፤ ሙጫው ላይ የቀረው የፍሬው ቅርፊት ብቻ ነበር። መፍትሔው ደቃቅ አሸዋ ነው። በዱቄት ወንፊት ይነፋል፤ በወንፊቱ ላይ የቀረው ይጣላል፤ ያለፈው ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያ በደረቁ በብሩሽ ይደለደልና ነጭ ኮላ በውኃ ቀጥኖ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት በመርፌ መውጊያ ይንጠባጠብበታል። ሳሙናው ባይኖር ውኃው እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ አሸዋውን ይዞት ይንከባለላል። ሳሙና ሲገባ ግን ጠጠሩ መካከል ሰርጎ ይገባል።

ርዝመት ሁሉንም ሠሪ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። 784 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው ብቻ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ መርጦ ማሳጠር ደንብ ሆኗል። የጣቢያው ሕንፃ በሙሉ መጠኑ ይሠራል፤ መድረኩ ያጥራል፤ በጣቢያዎች መካከል ያለው ሜዳ አንድ ግራርና አንድ ኩርባ ይሆናል። የአዲሱ ባቡር የመንገደኞች ፉርጎ 25 ሜትር ያህል ስለሚረዝም በ1:87 ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ይህ ደግሞ በጠባብ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ይወጣል። በኪራይ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሠሪ 1:160ን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ያው ፉርጎ 16 ሴንቲ ሜትር ይሆንለታል። የአሮጌው ባቡር ፉርጎዎችና ሕዝቡ «ሊቶሪና» ይላት የነበረችው ባለሞተር የመንገደኞች ጋሪ አጫጭር ስለሆኑ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ ይዞራሉ። አሮጌው የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መሣሪያና ዕቃ

ሥራው የሚፈልገው ሁሉ ከአንድ መደብር አይገኝም፤ ከገበያው ተለቅሞ ነው የሚሟላው። ምላጭ፣ ወረንጦና የጥፍር ሞረድ ከኮስሞቲክስ ሱቅ፣ የመርፌ መውጊያ ከፋርማሲ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ስቱኮ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ ማስመሪያና ካርቶን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይሰበሰባሉ። የልብስ መቆንጠጫ ሙጫ እስኪደርቅ ለመያዝ ይበቃል። የብርጭቆ ወረቀት ከ400 ቁጥር ጀምሮ እስከ 1,000 በደረጃ፣ በውኃ እየራሰ ይሠራበታል።

ሙጫ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ በእርግጥ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ሁለቱን ክፍሎች አንድ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ በጣም ጥቂት ይበቃል። ሱፐር ግሉ ብረትን ከፕላስቲክ ያያይዛል፤ ነገር ግን በነጩ የማሸጊያ ፎም ላይ ከፈሰሰ ፎሙን ይበላዋል። የሚረጭ የቆርቆሮ ቀለምም እንዲሁ ነው። ፎም ላይ ተራራ የሠራ ሰው መጀመሪያ ነጭ ኮላ ቀብቶ መሸፈን አለበት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ለፕላስቲክ ሙጫነት ያገለግላል የሚባለው ምክር አደገኛ ነው፤ አሴቶኑ ቀጭን ክፍልን ያጣምማል፤ ሽታውም በተዘጋ ክፍል ጤና ይጎዳል።

ቀለምና ነፋስ

የአዳማ ነፋስ ለቀለም ሥራ ጠላት ነው። አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ይቀመጣል፤ ደረቁ አየር ደግሞ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለምን ገና ብሩሽ ላይ እያለ ያደርቀዋል። የከተማዋ ሠሪ የሚያውቀው መላ አለ። ማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ይቀባል፤ የክፍሉ ወለል ውኃ ይረጭበታል፤ የተቀባው ወዲያው በካርቶን ይከደናል። በቀለሙ ውስጥ በየሱቁ ከሚሸጠው ግሊሰሪን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የሚያህል ጠብ ሲደረግበት መድረቁን ያዘገየዋል፤ ከበዛ ግን ቀለሙ ለቀናት አይደርቅም።

የቀለም መርጫ ያለው ሰው የሚሠራው ከ1 እስከ 1.5 ባር ባለ ግፊት ነው። የጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ለዚህ ይጠነክራል፤ ከአየሩም ጋር ውኃና ዘይት ያመጣል፤ ግፊት መቀነሻና የውኃ ማጥመጃ ከሌለው አይመከርም። ሌላው ደንብ ቀለምን ጥቂት ማደብዘዝ ነው። ትንሽ ነገር በእውነተኛው ቀለም ሲቀባ ከሚገባው በላይ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ጥቂት ነጭ ወይም ግራጫ ይደባለቅበታል። ዝገትና አቧራ ከሁሉ በኋላ ይመጣሉ። ቀለሙ ከብሩሹ በጨርቅ ተጠርጎ ሊያልቅ ሲል የቀረው ጠርዝ ጠርዙን ይዳሰስበታል።

ልማዶች

በሠሪዎች ዘንድ ከሁሉ የሚከበረው ልማድ ዘመን አለማደባለቅ ነው። አንድ ትዕይንት አንድ ዓመት አለው። በእንፋሎት የሚሄድ ሎኮሞቲቭ አጠገብ ባጃጅ ማቆም ስሕተት ነው፤ ጋሪ ግን በሁሉም ዘመን ይገባል፤ የአዳማ ጋሪ ሁሉንም ዘመን አይቷልና። 1.3 ሜትር ቁመት ያለው የጋሪ ፈረስ በ1:87 ትከሻው 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ልጓሙ የሚሠራው ከአንድ የስፌት ክር ውስጥ ተፈትሎ በወጣ ነጠላ ጭረት ነው።

የጣቢያው ስም ሰሌዳም በዘመኑ ይወሰናል። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ በይፋ ናዝሬት ስትባል ቆይታ አዳማ የሚለው ጥንታዊ ስሟ እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ተመልሷል። ስለ ስሙ ሰዎች የየራሳቸው አስተያየት ሊኖራቸው ይችላል፤ በሞዴሉ ላይ ግን የሚጻፈው በዚያ ዓመት ሰሌዳው ላይ የነበረው ነው።

ሌሎች ዘርፎች

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎቹ ሞዴል መሥራት የትምህርታቸው አካል ነው። እነርሱ የሚጠቀሙት 1:50፣ 1:100 እና 1:200 ነው፤ ቀለም አይወዱም፤ ነጭ ካርቶን፣ ፎም ቦርድና ጥርት ያለ ጠርዝ ይበቃቸዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተማረ እጅ ወደ ባቡር ሲመጣ ግድግዳ ማቆምን ከማንም በላይ ያውቃል።

የመንገደኞች አውሮፕላን ሞዴል በ1:144 እና በ1:200 ይሠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ርዝመቱ 56.7 ሜትር ስለሆነ በ1:144 ወደ 39 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የጅራቱን ሦስት ቀለሞች ያለ ተለጣፊ፣ በማስክ (ቀለም እንዳይነካ በሚሸፍን ቴፕ) ብቻ ቀብቶ ማውጣት የዚህ ዘርፍ ትልቁ ፈተና ነው። የታንክና የወታደራዊ መኪና ሞዴል ደግሞ በብዛት የሚሠራው ቀደም ሲል በተጠቀሰው 1:35 ነው።

የነፋስ ተርባይኖቹ ለሠሪ አዲስ ጥያቄ አምጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች፣ በ2015 የተከተለው ሁለተኛው 102 ተርባይኖች አሏቸው። የአንዱ ክንፎች ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት 77 ሜትር ነው፤ በ1:87 ወደ 88 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ጣቢያውንም ባቡሩንም የሚውጥ። መስፈርት አይደባለቅም የሚለው ሕግ በዚህ ቦታ ላይ ይላላል። ከሐዲዱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ በ1:300 የተሠራ 26 ሴንቲ ሜትር ክብ ይተከላል፤ ቀለሙ ከፊት ካለው ይልቅ ጥቂት ወደ ሰማያዊ ይደበዝዛል፤ ከኮረብታው ሥር ያሉት ግራሮችም ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ያንሳሉ። ዓይንን ከሐዲዱ ጋር አስተካክሎ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ተርባይኑ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይታያል።