የቆጠራ ዕድሜ የልደት ዓመት አይደለም

የአያት ቅድመ አያት መዝገብ ስትፈልጉ «በአንዱ የሕዝብ ቆጠራ 20፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ 32፤ ሰውዬው ሌላ ነው ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሟል። የግድ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1841 የእንግሊዝ ቆጠራ ለመዝጋቢዎች የተሰጠው መመሪያ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን በትክክለኛ ዕድሜያቸው፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ግን ወደ ታች በአምስት አጠጋግተው እንዲጽፉ ነበር። የ22 ዓመቱ ሰው «20» ተባለ። ስለዚህ «20» ማለት ከ20 እስከ 24 ነው። መመሪያውን ሁሉም መዝጋቢ አልተከተለም፤ አንዳንዱ ትክክለኛውን ዕድሜ ጽፏል። በገጹ ላይ 27 ወይም 33 ካያችሁ ያ መዝጋቢ አላጠጋጋም።

ሁለተኛው ስህተት መቀነሱ ላይ ነው። የ1851ቱ ቆጠራ የተመሠረተው በማርች 30 ሌሊት ነው። 32 የተባለ ሰው 1851 ሲቀነስ 32፣ 1819 ይመስላል። ነገር ግን የተወለደው ከማርች 31 ቀን 1818 እስከ ማርች 30 ቀን 1819 ባለው ጊዜ ነው፤ ዘጠኙ ወር 1818 ውስጥ ይወድቃል። በ1920 የአሜሪካ ቆጠራ ይባስ፦ መነሻ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ስለሆነ ከቅናሹ ላይ ሌላ 1 ዓመት ካልቀነሳችሁ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ትሳሳታላችሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የተነገረው ዕድሜ እውነት ከሆነ ነው። መልስ ሰጪው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። የ1900 የአሜሪካ ቆጠራ የልደት ወርና ዓመት ስለሚጠይቅ፣ ካገኛችሁት መጀመሪያ እሱን አመሳክሩ።