ፈንክሽናል ተቅማጥ ምንድን ነው?

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሦስቴ ሽንት ቤት ትገባላችሁ። የሆነ ቦታ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትፈልጉት ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ደግሞ ምርመራው ሁሉ ንጹህ ይሆንና «ምንም የለብህም» ትባላላችሁ። ይሄ አባባል በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሰውዬው አለበት።

ፈንክሽናል ተቅማጥ ማለት አንጀቱ ላይ ቁስልም ኢንፌክሽንም ሳይገኝ አሠራሩ ሲዛባ የሚመጣ ተቅማጥ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሮም 4 የተባለው የሐኪሞች የምርመራ መስፈርት እንደሚለው፣ ከሰገራው ከ25 በመቶ በላይ የላላ ወይም ውሃ የመሰለ መሆን አለበት፤ ላለፉት 3 ወራት የቀጠለ፣ ከጀመረም ቢያንስ 6 ወር የሞላው። የሆድ ሕመሙ ከበረታ ግን አይቢኤስ (ከሆድ ሕመም ጋር የሚመጣ የአንጀት አሠራር መዛባት) ወደሚባለው ይጠጋል።

በቀን ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ትንሹ አንጀት ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛውን ሰውነታችን ራሱ ያመነጨዋል። በጤናማ ሰው በሰገራ የሚወጣው 200 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም፣ ሌላው ተመጦ ይቀራል። አንጀት ሲቸኩል ለመምጠጥ ጊዜ አያገኝም። ቁርስ እንደቀመሱ የሚያስሮጠውም ይሄው ነው፦ ምግብ ጨጓራ ሲደርስ ትልቁ አንጀት እንዲንቀሳቀስ ይታዘዛል። ሁላችንም ጋ ያለ ነገር ነው፣ አንዳንዱ ላይ ግን ይበረታል። ጭንቀት ያባብሰዋል፤ ያ ማለት ግን ችግሩ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም።

ስሙን ከመቀበላችሁ በፊት ግን ሌላው ይጣራ። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን፣ ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት፣ ሶርቢቶል የገባበት ስኳር አልባ ማስቲካ፣ ወተት፣ ጃርዲያ፣ ሴሊያክ (ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ)፣ የታይሮይድ ችግር፣ የሐሞት ከረጢት ማስወጣት፣ ሁሉም ተመሳሳይ ተቅማጥ ያመጣሉ። ደም ካያችሁ፣ ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ አትጠብቁ፣ ቶሎ ታዩ።

ለማስታገስ፣ ለሁለት ሳምንት የበላችሁትንና ሽንት ቤት የሄዳችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ቡናና አልኮል ቀንሱና ለውጡን እዩ። ሲሊየም የተባለው የፋይበር ዱቄት ውሃውን ይዞ ሰገራውን ያጠነክራል፤ በትንሹ ጀምሩት። ሎፐራማይድ አንጀቱን ያዘገየዋል፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ፣ ረጅም መንገድ ወይም ስብሰባ ካለባችሁ ቀደም ብላችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ። ደም ወይም ትኩሳት ካለ ግን አትንኩት።