የ2001ዱ «የኃይል አጠቃቀም ፈቃድ» ምንድን ነው?

አሜሪካ አንድ አገር ውስጥ በድሮን ጥቃት አደረሰች ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው ማን እንደተገደለ ነው። ልክ ነው፣ የሰው ነፍስ ይቀድማል። ቀጥሎ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ይህን የፈቀደው ሕግ የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ የ2001ዱ «የኃይል አጠቃቀም ፈቃድ» የሚባለው ሕግ ነው፤ ዋናው ነገሩም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛው ቢቆጠር 60 ቃል ብቻ።

ዓረፍተ ነገሩ የመጣው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001ዱ ጥቃት በኋላ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። የኒውዮርኩ ፍርስራሽ ገና እየጨሰ ነው። ኮንግረስ ሕጉን ያጸደቀው ጥቃቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ነበር። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ደግሞ ሴፕቴምበር 18 ፈረሙበት።

ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቃቱን ባቀዱ፣ ባዘዙ፣ በፈጸሙ ወይም በረዱ፣ እንዲሁም እነዚህን ባስጠለሉ አገሮች፣ ድርጅቶችና ግለሰቦች ላይ ፕሬዚዳንቱ አስፈላጊና ተገቢ የሆነውን ኃይል ሁሉ መጠቀም ይችላል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚወስነውም ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ዋይት ሐውስ መጀመሪያ የጠየቀው ከዚህም የሰፋ ሥልጣን ነበር። ወደፊት ሊመጣ የሚችልን ማንኛውንም ሽብርና ወረራ ቀድሞ ለመምታት የሚያስችል። ኮንግረስ በዚያ ሁሉ ቁጣና ሐዘን መሃል እንኳ እምቢ አለ። ፈቃዱን ከዚያ ከአንዱ ጥቃት ጋር አሰረው።

ፈቃዱ ለምን አስፈለገ? በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የኮንግረስ ነው። በተግባር ግን ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጀው በ1942 ነው። ከቬትናም መከራ በኋላ፣ በ1973፣ ፕሬዚዳንቱን የሚይዝ ሕግ ወጣ። ኮንግረስ ካልፈቀደ በቀር ወደ ውጊያ የገባ ጦር በ60 ቀን ውስጥ መውጣት መጀመር አለበት የሚል። የ2001ዱ ፈቃድ ይህን ሰዓት አስቆመው። ፈቃድ አለ፣ ስለዚህ ቀን አይቆጠርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ በእነዚያ 60 ቃላት ውስጥ የሌለው ነገር። የአገር ስም የለም። የማብቂያ ቀን የለም። ጥቃቱን ያደረሰው አልቃይዳና እሱን ያስጠለለው ታሊባን እንኳ በስም አልተጠሩም። ዛሬ በየመግለጫው የምንሰማው «ተባባሪ ኃይሎች» የሚለው ሐረግም የለም። እሱን ያመጡት የመንግሥት የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ከጠላት ጋር ተሰልፎ የሚዋጋ ያው ጠላት ነው ብለው ተከራከሩ፣ ክርክሩም ያዘላቸው።

ሕጉ እንደ ላስቲክ የተለጠጠው በዚህች ሐረግ ነው። አልሸባብን እንውሰድ። በ2001 በዚህ ስም የሚታወቅ ቡድን ገና አልነበረም። በ2016 ግን የኦባማ መንግሥት ከተባባሪዎቹ አንዱ ነው አለ። አይኤስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በፌብሩዋሪ 2014 አልቃይዳ ራሱ «ከእኛ ጋር ግንኙነት የለውም» ብሎ አውግዞታል። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ከአይኤስ ጋር ለምታደርገው ጦርነት የጠቀሰችው ይህንኑ ሕግ ነው፤ ቡድኑ ድሮ የአልቃይዳ የኢራቅ ክንፍ ነበርና። ለእኔ ይህ ከትርጓሜ አልፎ አዲስ ሕግ እንደማውጣት ነው።

ደጋፊዎቹ የሚሉት ግን ባዶ አይደለም። አሸባሪ ቡድን ስሙን ይቀያይራል፣ ድንበር ይሻገራል። ቢን ላደን በ2011 የተገደለው አፍጋኒስታን ውስጥ ሳይሆን አቦታባድ፣ ፓኪስታን ነው። ሕጉ በአንድ አገር የታጠረ ቢሆን ኖሮ እዚያ ሲደርስ ያበቃ ነበር። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው፣ ጦርነቱ ሲሰፋ ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ዳግም ድምፅ አለመጠየቃቸውን ነው።

ውጤቱ በጦር ሜዳ ብቻ አልቀረም። ፓኪስታን በ1998 የኒውክሌር ሙከራ በማድረጓ ማዕቀብ ተጥሎባት ነበር። አፍጋኒስታን ለመግባት መንገዷ ሲያስፈልግ፣ ማዕቀቡ በዚያው ሴፕቴምበር ተነሳላት። ትናንት የተቀጣ አገር ዛሬ አጋር ሆነ። የጓንታናሞ እስርም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተዋጊን ማሰር ኃይል ከመጠቀም ጋር አብሮ የሚመጣ ነው ብሎ ወሰነ። የኢራቅ ወረራ ግን ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ለእሱ በ2002 የራሱ ፈቃድ ወጥቶለታል።

በኦክቶበር 2017 ኒጀር ውስጥ ቶንጎ ቶንጎ በምትባል መንደር አቅራቢያ አራት የአሜሪካ ወታደሮች አብረዋቸው ከነበሩ የኒጀር ወታደሮች ጋር ተገደሉ። ያኔ አንዳንድ ሴናተሮች ያን ያህል ጦር ኒጀር ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር አሉ። ጦርነትን መፍቀድ ያለበት ምክር ቤት አባል ወታደሩ የት እንዳለ የሰማው ከአስከሬኑ በኋላ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

በ2001 ይህን አስቀድመው የፈሩ አንድ ሰው ነበሩ። ሴኔቱ 98 ለ0 አጽድቆታል። በተወካዮች ምክር ቤት ውጤቱ 420 ለ1 ነበር። ያቺ አንድ ድምፅ የካሊፎርኒያዋ ተወካይ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲዋ ባርባራ ሊ ናት። ከዚያ በኋላ የግድያ ዛቻ ስለጎረፈባቸው የፖሊስ ጥበቃ አስፈለጋቸው። እሳቸው ግን ሕጉን ለማስቀረት ዓመት እየቆጠሩ ታገሉ። በ2017 ፈቃዱ በ8 ወር ውስጥ እንዲያበቃ በመከላከያ በጀት ረቂቅ ላይ ያቀረቡት ማሻሻያ በኮሚቴ አለፈ። የተቃራኒው ፓርቲ አባላትም ደግፈውት ነበር፣ አዳራሹም አጨበጨበ። ረቂቁ ወደ ሙሉ ምክር ቤቱ ሳይደርስ ግን ማሻሻያውን አመራሩ አወጣው።