“የ8 ዓመት ልዩነት” ምንድን ነው?

የአያት የትውልድ ቀን በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲገኝ፣ “እኛ ከፈረንጅ 8 ዓመት ወደ ኋላ ነን፤ 8 ደምርና ጨርስ” የሚል ምክር አይጠፋም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ደግመው “ካልገጠመ ማኅተም ያለበትን ውሰዱ” ብለው ጨምረውበታል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ዝምድናን በወረቀት ማረጋገጥ ለሚኖርበት ሰው ደግሞ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ልዩነቱ አንድ ቋሚ ቁጥር የለውም። ሁለት ሰዎች አንድ ደረጃ ሲወጡ አስቡ፤ ፈረንጁ ቀድሟል። የእኛው እግሩን የሚያነሣው መስከረም 1 ነው፤ ያኔ በመካከላቸው 7 ደረጃ ይቀራል። ታኅሣሥ 23 (ጃንዋሪ 1) ላይ ፈረንጁ ያነሣል፤ ልዩነቱ 8 ሆኖ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ይቆያል። በየ4 ዓመቱ በ6ኛዋ ጳጉሜን ምክንያት የእኛው አንድ ቀን ይዘገያል፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ (ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ምንም በማይተርፍበት ዓመት) መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ ጃንዋሪ 1 ደግሞ ታኅሣሥ 22 ይሆናል። በፈረንጅ 1900 ፈረንጁ ፌብሩዋሪ 29ን ዘለላት፤ እኛ አልዘለልንም። ከዚያ በፊት የነበረን ቀን በዛሬ ካላንደር ማመሳከር የማይሆነው ለዚህ ነው፦ የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ነው፤ የዓድዋው የካቲት 23 ቀን 1888 ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር።

መስከረም 15 ቀን 1960 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1967 ነው። 8 የደመረ ጸሐፊ 1968 ይላል። ሌላው 15/1 የሚለውን እንዳለ ገልብጦ ዓመቱን ብቻ ይለውጥና ጃንዋሪ 15 ያደርገዋል። በውጭ አገር ወረቀት ላይ ያለ ጃንዋሪ 1 ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀኑ ላልታወቀ ሰው የተሞላ ነው፤ ከእሱ ወርና ቀን አትውሰዱ።

ማኅተሙን በተመለከተ፦ ማኅተም ወረቀቱን ማን እንደሰጠ ይናገራል እንጂ ቀኑን ማን እንዳየ አይናገርም። ከቀበሌ መታወቂያ የተገለበጠ ፓስፖርት፣ ከፓስፖርቱ የተገለበጠ ሌላ ሰነድ፣ ሦስቱም አንድ ምስክር ናቸው። በዳዊት መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ልጁ በተወለደ ሰሞን የተጻፈች አንዲት መስመር ትበልጣቸዋለች።

ያቺን መስመር ደግሞ መመርመር ይቻላል። “ዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር 12፣ ቅዳሜ” ትላለች እንበል፤ መታወቂያው 1936፣ የእድር መዝገቡ 1935 ይላሉ። ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1935 ሉቃስ ነው፤ 1936 ዮሐንስ። ለዕለቱ፦ በ1935 ላይ 5500 ደምሩ፣ 7435። ለ4 አካፍላችሁ ትርፉን ጣሉ፣ 1858። ሁለቱ ሲደመሩ 9293፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ከማክሰኞ 1 ብላችሁ ስትቆጥሩ 4 ዓርብ ነው፤ መስከረም 1 ዓርብ ዋለ ማለት ነው። እስከ ኅዳር 12 ድረስ 71 ቀን ስላለ (10 ሳምንት ከ1 ቀን) ኅዳር 12 ቅዳሜ ይሆናል። ገጠመ። ወንጌላዊው፣ ቀኑና ዕለቱ ሦስቱም አብረው የሚመለሱት በየ28 ዓመቱ ነው፤ 1907 ወይም 1963 ይሆን እንደሆነ የወንድምና የእኅት ዕድሜ ይለየዋል።

ባይገጥም ግን ወዲያው ቀኑን አትጣሉት። በደበዘዘ ቀለም ፮ እና ፯ ይምታታሉ። በመስከረም መጀመሪያ የጻፈ ሰው ያለፈውን ወንጌላዊ በልማድ ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱ ቀኖች በ40 ቀን ገደማ ከተራራቁ (ለሴት በ80) አንደኛው የክርስትና ቀን እንዳይሆን ጠርጥሩ። በ1 ቀን ብቻ ከተለያዩ ደግሞ ሌሊት መወለዱን ጠይቁ፤ እናት “ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ” ስትል ሆስፒታሉ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቆጥሮ እሑድ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በቤተሰብ መዝገባችሁ ላይ የእናትየውን ቃል እንዳለ ጻፉና የሆስፒታሉን ቀን ከጎኑ አስፍሩ።