ዋላ ወረቀት ይዞ ሲጓዝ፦ ስለ አሜሪካ የዋላ እርባታና ማጓጓዝ ሕግ የሚባለውና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ነው ነገሩ የተነሳው። ትራክ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ኦሃዮ ውስጥ መንገድ ዳር ረጅም አጥር አይቶ "እስር ቤት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ዋላ ነው የታጠረው!" አለ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ጥያቄው መጣ። ሰው ዋላ ያረባል እንዴ? ሸጦ ወደ ሌላ ስቴት ሲወስደውስ ማን ይጠይቀዋል? ሁሉም በየፊናው መለሰ። አብዛኛው መልስ ስህተት ነበር። እዚያው ላርም ሞክሬ አቦሉም ቶናውም አልቆ ስለተለያየን ይኸው ጻፍኩት። ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ያረባሉ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው ቀንዱ ላይ ነው። ሰፊ ቀንድ ያለው ወንድ ዋላ በታጠረ ግቢ ውስጥ ለማደን ብዙ ዶላር የሚከፍል ሰው አለ። ከዚያ ቀጥሎ ሥጋው፣ ገና ያልጠነከረው ለስላሳ ቀንዱ፣ ሽንቱም ሳይቀር ይሸጣል። አዳኞች ሌላ ዋላ ለመሳብ ይረጩታል። እውነቴን ነው።

"ዋላ ማለት አጋዘን ነው"

ዜና ላይ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይተረጎማል። አጋዘን የእኛ አገር እንስሳ ነው፤ ዝምድናው ከከብትና ከፍየል ወገን ነው፤ ቀንዱም ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ዋላ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ዋላ የለም። አብዛኞቻችን የምናውቀው ከዳዊት መዝሙር ነው። ይህን የማነሳው ለቃላት ብዬ አይደለም። ቀጥሎ የማወራው በሽታ የዋላን ቤተሰብ ማለትም ዋላን፣ ኤልክን፣ ሙስንና ሬይንዲርን መርጦ የሚይዝ ስለሆነ ነው። የባሌው አጋዘን የለበትም።

"በገዛ ግቢው ላለ እንስሳ መንግሥት ምን አገባው?"

መጀመሪያ ነገር የማን ነው የሚለው ራሱ ያከራክራል። አሜሪካ ውስጥ የዱር እንስሳ የሕዝብ ነው። ታጥሮ የተወለደ ዋላስ? እንደ ስቴቱ ነው። አንዳንዱ እንደ ከብት ቆጥሮ ለግብርና መሥሪያ ቤት ይሰጠዋል። አንዳንዱ እንደ ዱር እንስሳ ቆጥሮ ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት። ቴክሳስ ውስጥ አርቢው ፈቃድ አውጥቶ፣ ጡጦ አጥብቶ ያሳደገው ዋላ እንኳ በሕግ ዓይን የሕዝብ ነው። የኔ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ አርቢም አልቀናውም።

ከዚህም የጠነከሩ አሉ። የሞንታና መራጮች በ2000 ዓ.ም. በድምፃቸው አዲስ የእርባታ ፈቃድ እንዳይሰጥ፣ በታጠረ ግቢም በክፍያ ማደን እንዲቀር አደረጉ። ሚኔሶታ በ2023 ዓ.ም. ለአዲስ የነጭ ጅራት ዋላ እርባታ በሩን ዘጋች።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ከየት መጣ? በዋናነት ከአንድ በሽታ። በእንግሊዝኛው ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ ይሉታል፤ ቀስ እያለ የሚያመነምን በሽታ እንበለው። በ1967 ዓ.ም. ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ አካባቢ፣ ለምርምር ተይዘው በነበሩ ዋላዎች ላይ ነው መጀመሪያ የታየው። እንስሳው ይከሳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ጆሮውን ጥሎ ይንገዳገዳል፣ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። ክትባት የለውም። ዛሬ ከ30 በላይ ስቴቶች ውስጥ አለ።

"ሰርተፊኬት ያለው መንጋ ንጹህ ነው"

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ነው።

ዩኤስዲኤ የሚባለው የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ለዋላ አርቢዎች የመንጋ ሰርተፊኬት ፕሮግራም አለው። ደንቡ በ2012 ወጥቶ በ2014 ዓ.ም. ጸንቷል። መግባት በውዴታ ነው። ማንም አያስገድድም። ግን ዋላህን ከስቴት ወደ ስቴት መሸጥ ከፈለግህ ሰርተፊኬቱ ያስፈልግሃል፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ 5 ዓመት ክትትል ውስጥ መቆየት አለብህ። በነዚህ ዓመታት እያንዳንዱ ዋላ ሁለት መለያ ይኖረዋል። ቆጠራ ይደረጋል። ከ2012 ወዲህ የገባ መንጋ አጥሩ ቢያንስ 8 ጫማ መሆን አለበት። ወዳጄ እስር ቤት ያለው እሱን ነው። ዕድሜው 12 ወር የሞላ ዋላ ከሞተ ደግሞ፣ በምንም ይሙት፣ ይመረመራል።

ምርመራው ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የሰለጠነ ሰው የሞተውን ዋላ ጭንቅላት ይቆርጣል። አንገትና ጭንቅላት በሚጋጠሙበት ቀዳዳ በኩል ማንኪያ የመሰለ መሣሪያ ያስገባል። ከአንጎሉ ግንድ ላይ የቪ ቅርጽ ያላትን ትንሽ ቁራጭ ያወጣል፤ ኦቤክስ ይሏታል። ከጉሮሮው ጀርባ ያሉትን ንፍፊቶች ይጨምርና ፎርማሊን ውስጥ ይከታል። የጆሮ መለያውም አብሮ ይላካል፤ የማን ናሙና እንደሆነ እንዳያምታታ። የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው አይዋ፣ ኤምስ ከተማ ያለው የፌዴራሉ ላብራቶሪ ነው።

አያችሁ ችግሩን? ዋናው ምርመራ የሚደረገው በሬሳ ላይ ነው። በቁሙ ላለ ዋላ ከፊንጢጣው ሥጋ ቆንጥሮ የመመርመር ዘዴ አለ፤ ግን በሽታው ገና ሲጀምር ሊያመልጠው ይችላል። ዋላው ደግሞ በበሽታው ተይዞ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያማረበት፣ የጠገበ መስሎ ይኖራል። ምልክት ሳያሳይም በሽታውን በምራቁና በሽንቱ ሊረጨው ይችላል።

እንግዲህ ሰርተፊኬቱ "ይህ ዋላ ጤነኛ ነው" አይልም። የሚለው "በዚህ መንጋ ውስጥ በ5 ዓመት የሞቱትን መርምረን አላገኘንም" ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሰርተፊኬት ባላቸው መንጋዎችም በሽታው ተገኝቷል። ደግሞ አስቡት፦ በበጋ ሙቀት ግቢው ጥግ ሞቶ፣ በስብሶ የተገኘ ዋላ ናሙናው ምን ይረባል?

ታዲያ ወረቀቱ ከንቱ ነው? እኔ አልልም። ዋና ጥቅሙ ወደኋላ ለመሄድ ነው። አንድ መንጋ ላይ በሽታው ሲገኝ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ከዚያ ግቢ ማን ወጣ፣ ማን ገባ ተብሎ ይታደናል። የጆሮ ቁጥርና መዝገብ ከሌለ ይህ ፍለጋ ጭድ ክምር ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው።

አንድ የማልወደው ነገር ግን አለ። በሽታው የተገኘበት መንጋ ሲታረድ የፌዴራሉ መንግሥት ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ የሚከፍለው የግምቱን 95 በመቶ ሆኖ ለአንድ ዋላ ከ3,000 ዶላር አይበልጥም። አንዳንድ ባለ ትልቅ ቀንድ ዋላ በአስር ሺዎች ይሸጣል። እንዲህ ያለ ዋላ ያለው ሰው የከሳ ዋላ ሲያይ ቶሎ ስልክ ያነሳል? ብዙዎቹ ያነሳሉ። ግን ሕጉ ሰውን ለዝምታ የሚፈትን ቀዳዳ አለው፤ ማለት ያለብኝን ልበል ብዬ ነው።

"በሽታው የሚዛመተው በዱር ዋላ እግር ነው፤ እርባታን አትክሰሱ"

ግማሽ እውነት ናት። በዱር ዋላዎች መካከልም ይተላለፋል፤ ከአካባቢ ወደ አካባቢ ቀስ ብሎ ይሄዳል። እርባታ በሌለበት ቦታ የተገኘም አለ።

ግን አንድ መስመር ተከተሉኝ። በ1996 ዓ.ም. ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ አንድ የኤልክ እርባታ ላይ በሽታው ተገኘ። ምንጩ ሲፈለግ ጣቱ የጠቆመው ከአሜሪካ፣ ከሳውዝ ዳኮታ ተገዝተው የገቡ ኤልኮች ላይ ነበር። ቀጥሎ በ2001 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ተገኘ፤ በ1997 ከካናዳ በመጣ ኤልክ ላይ። ኤልክ የፓስፊክን ውቅያኖስ አይዋኝም። የሄደው ተጭኖ፣ ወረቀት ተፈርሞለት ነው።

ሬሳም ይጓዛል። ለዚህ ነው ብዙ ስቴቶች አዳኝ የገደለውን ዋላ ሙሉውን ጭኖ እንዳይገባ የሚከለክሉት። አጥንቱ የወጣለት ሥጋ፣ ቆዳ፣ ተጠርጎ የጸዳ የራስ ቅል ከነቀንዱ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር አይፈቀድም። ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር አደን የምትወጡ ካላችሁ፣ ጭንቅላቱን መኪና ኋላ ከመጣላችሁ በፊት የምትገቡበትን ስቴት ደንብ እዩ።

"የፌዴራሉ ሕግ ከፈቀደ ስቴቱ አያግድም"

ያግዳል። የፌዴራሉ ደንብ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ሰርተፊኬትህ አምስት ዓመት የሞላው፣ የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና ምስክር ወረቀትህ ኪስህ ውስጥ ያለ ቢሆንም፣ የሚቀበልህ ስቴት "ከዚያ ስቴት ዋላ አልፈልግም" ማለት ይችላል። የሚሉም ሞልተዋል። የቲቢ ምርመራ የሚጠይቅም አለ።

"ቢያዝ የስቴት ቅጣት ነው፤ ከፍሎ ይወጣል"

እዚህ ላይ ሌሲ አክት የሚባል የ1900 ዓ.ም. ሕግ አለ። በአይዋው የምክር ቤት አባል በጆን ሌሲ ስም ነው የሚጠራው። ነገሩ ቀላል ነው፤ የስቴትን ሕግ ጥሰህ የያዝከውን የዱር እንስሳ የስቴት ድንበር ካሻገርከው ጉዳዩ የፌዴራል ይሆናል። እያወቀ በሽያጭ ያደረገው እስከ 5 ዓመት እስራት ሊያገኘው ይችላል። "የኔ ዋላ ግቢዬ ነው የተወለደው፣ ዱር አይደለም" ማለትም አያዋጣም። ሕጉ በሰው እጅ የተወለደውንም የዱር እንስሳ ብሎ ይቆጥራል።

"የ28 ሰዓቱ ሕግ ለባቡር ነው"

ትራክ ነጂ ወዳጄ ያለው ይህንን ነበር። መነሻው ላይ ልክ ነው። ሕጉ በ1873 ሲወጣ ከብት የሚጓዘው በባቡር ነበር፤ በ1906 ተሻሻለ። ከስቴት ወደ ስቴት የሚጓዝ እንስሳ ከ28 ሰዓት በላይ ሳይወርድ፣ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ መቆየት የለበትም። ወርዶ ቢያንስ 5 ሰዓት ያርፋል። ባለቤቱ በጽሑፍ ከጠየቀ 36 ሰዓት ድረስ ሊራዘም ይችላል። ለትራክ ይሠራል ወይ የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቆይቶ፣ በ2006 ዓ.ም. ዩኤስዲኤ ይሠራል ብሎ በይፋ አሳወቀ። ቅጣቱ ግን ያስቃል፤ ሕጉ ላይ የተጻፈው ከ100 እስከ 500 ዶላር ነው።

ለዋላ ግን 28 ሰዓትም ይበዛል። ዋላ እንደ በግ በገመድ አይጎተትም። ሲደነግጥ ጡንቻው ተቃጥሎ፣ ከተያዘ ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ተጎታቹ ጨለማ ይደረጋል፣ በክፍል በክፍል ይከፋፈላል፣ ሹፌሩም ሙዚቃ አይከፍትም። የወንዱ ቀንድ ከመጫኑ በፊት በመጋዝ ይቆረጣል። የደረቀ ቀንድ እንደ ጥፍር ነው፣ አያመውም፤ ካልተቆረጠ ግን አጠገቡ ያለውን ይወጋል።

"ደህና አድርጎ ከተቀቀለ ምንም አይሆንም"

በሽታ አምጪው ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ፕራዮን የሚባል፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ሕይወት ስለሌለው በሙቀት አይገደልም፤ ድስት አይበግረውም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። እስካሁን ከዋላ ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ግን በሽታው የተገኘበትን ዋላ አትብሉ ይላል፤ እኔም ለጥብስ ብዬ አልደፍርም።

"ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን አይመለከትም"

ለፋሲካ በግ ወይም ፍየል ከገበሬ ቤት የምትገዙ ካላችሁ ይመለከታችኋል። በግና ፍየል ስክሬፒ የሚባል የዋላው በሽታ የቅርብ ዘመድ አለባቸው፤ እሱም የፕራዮን ነው። አሜሪካ እሱን ለማጥፋት በ2001 ዓ.ም. ፕሮግራም ጀምራለች። ስለዚህ በግና ፍየል የስቴት ድንበር ሲሻገሩ በጥቅሉ የጆሮ መለያ ሊኖራቸው ይገባል፤ ለእርባታ ከሆነ ደግሞ የጤና ወረቀትም ይጠየቃል። ገበሬው መለያ የሌላትን ፍየል አልጭንም ካላችሁ ስለጠላችሁ አይደለም።

ይህን ቡናው ላይ ሳስረዳ፣ አንድ ዘመዳችን ዝም ብሎ ቆየና ሳቀ። ባለፈው ፋሲካ የገዛት ፍየል ጆሮ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ፕላስቲክ ነበረች። "ዋጋዋ መስሎኝ" አለ፣ "በጣም በዛ ብዬ ስንት ተከራከርኩ መሰላችሁ!"