የአደን ጠመንጃ ትክክለኛነት፦ ከየትኛው ዓይነት ምን ያህል ይጠበቃል?

የአንድ ጠመንጃ ትክክለኛነት የሚመዘነው አንድ ነጥብ ላይ ተነጣጥረው የተተኮሱ ጥይቶች ምን ያህል ተቀራርበው እንዳረፉ በማየት ነው። ተኳሹ ጠመንጃውን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ ሦስት ወይም አምስት ጥይት ይተኩስና በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል በማስመሪያ ይለካል። ውጤቱ የሚገለጸው በማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም በአንድ ዲግሪ 60ኛ እጅ ነው፤ አንዱ ደቂቃ በ100 ሜትር 2.9 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በ300 ሜትር ደግሞ 8.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አምስት ጥይት ከሦስት ጥይት በአማካይ በሩብ ያህል ሰፍቶ ስለሚያርፍ፣ በአንድ ቀን ሦስት ጥይት ብቻ የተገኘን ጠባብ ውጤት የጠመንጃው እውነተኛ ችሎታ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

በአገራችን ምንሽር ሲባል የኖረው ዓይነት፣ መቀርቀሪያው በእጅ እየተሳበ የሚያጎርሰው ጠመንጃ፣ ከአደን መሣሪያዎች ሁሉ አስተማማኙ ነው። የጀርመኑ ማውዘር 98 እና እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበው የአሜሪካው ሬሚንግተን 700 ከዚህ ወገን ናቸው። ከሚስማማው የፋብሪካ ጥይት ጋር ከ1 እስከ 1.5 ደቂቃ መጠበቅ ተገቢ ሲሆን፣ 2 ደቂቃም ቢሆን ለአብዛኛው አደን ከበቂ በላይ ነው። በርሜሉ እንጨቱን እንዳይነካ ተደርጎ የተሠራ ጠመንጃ ውጤቱ በድንገት ከተበላሸ፣ በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ቀጭን ወረቀት አስገብቶ ወደ ኋላ መሳብ ይጠቅማል፤ ወረቀቱ መንገድ ላይ ከተያዘ፣ እርጥበት ያሳበጠው እንጨት በርሜሉን እየገፋው ሊሆን ይችላል።

ከቃታው በታች ያለው ዘንግ ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ የሚያጎርሰው የ1894ቱ ዊንቸስተር ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይሰጣል። እንጨቱ ሁለት ቁራጭ መሆኑና ጥይት የሚይዘው ቱቦ ከበርሜሉ ጋር መታሰሩ ንዝረቱን ያዛባዋል፤ ሆኖም ጠመንጃው የተሠራው ለጫካ አደን ነው፣ በ100 ሜትርም 3 ደቂቃ ከ9 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በራሱ የሚያጎርሰው የአደን ጠመንጃ በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይውላል።

ለዝሆንና ለጎሽ የሚሠራው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ግን በዚህ መለኪያ ሊዳኝ አይገባውም። ሁለቱ በርሜሎች በአንድ ዓይነት ጥይት፣ በአንድ በተወሰነ ርቀት ላይ ጎን ለጎን እንዲመቱ በሠሪው እጅ ተስተካክለው የተበየዱ ስለሆኑ፣ የጥይቱ ክብደት ወይም ፍጥነት ሲለወጥ ስምምነታቸው ይፈርሳል።

የአሜሪካው ነጭ ጅራት አጋዘን ልብና ሳንባ ያሉበት ክፍል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ተንበርክኮ ወይም ቆሞ፣ ትንፋሹ ሳይረጋ የሚተኩስ አዳኝ የሚጨምረው ስሕተት በጠመንጃዎቹ መካከል ካለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ እንስሳውን ሳያሠቃይ ለመግደል የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት በቀዘቀዘ በርሜል የሚተኮሰው የመጀመሪያው ጥይት የት እንደሚያርፍ ነው፤ ለዚህም በተለያዩ ቀናት፣ በአደን ላይ በሚተኩስበት አቋም፣ አንድ አንድ ጥይት በዚያው የዒላማ ወረቀት ላይ መተኮስ ይኖርበታል።