አርቲክል 15 ምንድን ነው? መፈረም ማመን አይደለም

«ልጁ አርቲክል 15 ፈርሟል፤ ስለዚህ ጥፋቱን አምኗል፣ የወንጀል ሪከርድ ገብቶበታል።» በአሜሪካ ጦር ስለሚያገለግሉ ልጆቻችን ሲወራ እንዲህ የሚል አዋቂ አይጠፋም። ሁለቱም ስህተት ነው።

አርቲክል 15 በአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ አዛዡ ቀላል ጥፋትን ራሱ አይቶ የሚቀጣበት ሥልጣን ነው፤ የወንጀል ፍርድ አይደለም። (ለማዕረግ እድገትም ሆነ ለስንብት ግን ሊነሳ ይችላል።) በምድር ጦሩ ቅጽ 2627 ላይ ወታደሩ የሚመርጠው «ወታደራዊ ፍርድ ቤት ልቅረብ» ወይም «አዛዤ ይየው» የሚለውን ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው የመረጠው ዳኛውን ነው። ከፈረመ በኋላም «አላጠፋሁም» ብሎ ይከራከራል፣ ምስክር ይጠራል፣ የሚናገርለት ሰው ይዞ ይገባል።

ጉዳዩን ሽማግሌ እንዲያየው እንደመስማማት ቁጠሩት። ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሁሉ «በድያለሁ» አላለም። እዚህ ግን ሽማግሌው አለቃህ ነው፤ ካሳ ሳይሆን ማዕረግ ይቆርጣል። እርቅም የለበትም።

«እምቢ በል፣ ይተውሃል» የሚለው ምክር ደግሞ ይብሳል። ማስረጃው ደካማ ከሆነ አዛዡ ሊተወው ይችላል፤ ካልሆነ ክስ ይመሠርታል። ልዩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት እስከ 1 ዓመት እስራትና በመጥፎ ጠባይ መሰናበት ሊፈርድ ይችላል፤ ሪከርድ የሚባለው ያኔ ነው። ስለዚህ ለመወሰን የሚሰጠው፣ ብዙውን ጊዜ 48 ሰዓት፣ የጦሩን ተከላካይ ጠበቃ ማነጋገሪያ ነው። አገልግሎቱ በነፃ ነው። (ይህ ሁሉ የምድር ጦር አሠራር ነው። ባሕር ኃይል ውስጥ መርከብ ላይ ያለ ሰው እምቢ የማለት መብት ላይኖረው ይችላል።)

ቅጣቱ እንደ ቀጪው ማዕረግ ነው። የሻምበል አዛዥ ከፍተኛው 14 ቀን ተጨማሪ ሥራ፣ 14 ቀን ከግቢ አለመውጣት፣ የ7 ቀን ደመወዝ መቁረጥና፣ የማዕረግ ደረጃው ኢ-4 እና በታች ለሆነ (ዝቅተኛው ኢ-1 ነው)፣ አንድ ማዕረግ ማውረድ ነው። ቀጪው ማዕረጉ ሻለቃና ከዚያ በላይ ከሆነ ቅጣቱ 45 ቀን ተጨማሪ ሥራና ለ2 ወር ግማሽ ደመወዝ መቁረጥ ይደርሳል፤ ኢ-4ን እስከ ኢ-1 ማውረድም ይችላል። ሰው ስለ ደመወዙ ቅጣት ይጨነቃል፤ እውነተኛው ጉዳት ማዕረጉ ነው፣ ምክንያቱም የወረደው ደመወዝ ማዕረጉ እስኪመለስ ይቀጥላል። አዛዡ ማውረዱን ሳያስፈጽም እስከ 6 ወር ሊያግደው ስለሚችል፣ የቅጣት ማቅለያ ሲያቀርቡ ይህንኑ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው።

ከቅጣቱ በኋላ ቅጹ ሌላ ፊርማ ይጠይቃል፦ ይግባኝ ትላለህ ወይስ አትልም? ጊዜው 5 ቀን ነው። «ይጨምሩብኛል» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ ይግባኝ ሰሚው መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም።